ጋሽ ሳሙናና መርፌ ያለው ትል

አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ሥራዋ ትል ማየት ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፤ እኔም ስቄ ነበር። ጠዋት ጫማዋን ወልውላ፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንጠልጥላ እንደ ባንክ ሠራተኛ ትወጣለች። ቢሮዋ ስትደርስ ግን ቀኑን ሙሉ የምታፈጠው በአትክልት ሥር ውስጥ በሚኖር፣ በባዶ ዓይን በማይታይ ትል ላይ ነው። ኔማቶድ ይባላል። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ከአፉ፣ ከጅራቱና ከቆዳው መስመር ለይታ ትናገራለች። ሰፈሩ «የትል ዳኛ» የሚል ስም አውጥቶላታል። ስሙን መጀመሪያ ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ባለቤቴ ግን የምትጠረጥረው እኔን ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ትቼ መቀስ ያዝኩ። ስለዚህ ስለ ትል ላውራ ብዬ ስነሳ «አንተን ደግሞ ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ያገባኛል። በነገሩ ውስጥ የኔም ጨርቅ አለበት።

የዳኛዋ አባት ከመንገዱ ማዶ ችግኝ አፍልተው ይሸጣሉ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጎመን፣ ሲያሰኛቸውም አበባ። ጋሽ ሳሙና እንላቸዋለን፤ ይህን ስም ደግሞ እኔ እንዳላወጣሁት ምስክር አለኝ። አካፋቸውን ሥራ ሲጨርሱ እንደ ሰሃን አጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው ነው የሚሰቅሉት። እንግዳ ግቢያቸው ሲገባ ጫማውን እንዲያራግፍ ይለምኑታል፤ ወደ እርሻ እየገባ መሆኑን ሰውዬው ቢያስታውሳቸውም አይሰሙም። ችግኝ ሲሸጡም እንደ ሌላው ነጋዴ ከነአፈሩ አይሰጡም። ሥሩን በበርሜል ውሃ ያጥቡታል፣ ያራግፉታል፣ ከዚያ በጨርቅ ብጣሽ አስረው እንደ እቅፍ አበባ ያስረክባሉ። ብጣሹን የማቀርበው እኔ ነኝ። ከቀሚስና ከሱሪ የተረፈውን ጠርዝ በጆንያ አጠራቅሜ እወስድላቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ቃሪያ ያሸክሙኛል። በዚህ የተነሳ በከተማው ዳር ባለው ማሳ ሁሉ የኔ ጨርቅ አለ። የማን ቀሚስ ከየትኛው ቲማቲም ጋር እንደሄደ አውቃለሁ።

ጋሽ ሳሙና ሌላም ሙያ አላቸው። የታመመ ተክል ያለው ሰው ሁሉ ለሳቸው ያመጣል። ቅጠሉ የገረጣ ጽጌረዳ፣ አልሰፋ ያለ የዕቃ አበባ፣ ምንም ይሁን ምን ይቀበላሉ። ሥሩን አጥበው በበርሜሉ አጠገብ ባለችው መደብ ላይ ይተክሉታል፤ የታጠበበትም ውሃ እንዳይባክን እዚያችው መደብ ላይ ያፈሱታል። ያቺ መደብ ግቢውን እንደያዙ ከሟች ባለቤታቸው ጋር በእጃቸው የቆፈሯት ናት። እኛ «ሆስፒታሏ» እንላታለን። ስንቱ አበባ እዚያ ተኝቶ አገግሞ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል። ለዚህ ሥራቸው ምንም አይቀበሉም። መቀበል አይደለም፣ ተክሉ ድኖ ሲሄድ በር ድረስ ይሸኙታል።

አንድ ቀን የአትክልተኞች ማህበር ሊቀመንበር የጠወለገ ቲማቲም ከነሥሩ ነቅሎ ይዞ መጣ። እኔ ጆንያዬን ላራግፍ ሄጄ እዚያው ነበርኩ። ሥሩ ጓጎል ጓጎል ብሏል፤ ዶቃ የተሰካበት ክር ይመስላል። ሊቀመንበሩ ቢቆጣ ይሻለን ነበር። ረጋ ብሎ፣ እጁን አጣምሮ፣ ችግኙ ከዚህ ግቢ እንደተገዛ፣ ማሳቸው ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ እንደማያውቅ፣ አባላቱም ይህን የሥር ትል ያመጣብን ይህ ግቢ ነው እያሉ እንደሆነ ተናገረ። ናሙና ተወስዶ ይመረመራል። የማሳውና የግቢው ትል አንድ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ የችግኝ ጣቢያው ይዘጋል፤ መደቦቹም ሁሉ ተቆፍረው ይወጣሉ።

ጋሽ ሳሙና ሥሩን ተቀብለው ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት።

«ከኔ ግቢ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከኔ ግቢ ቆሻሻ ወጣ ነው የምትለኝ?»

ሰውዬው ቆሻሻ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም ነበር። እሳቸው ግን የሰሙት እሱን ነው። ያ ግቢ እንጀራቸው ብቻ አይደለም። ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳቸው እሱ ነው፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤት ውስጥ የሚውሉት ዝናብ ሲይዛቸው ብቻ ነው። ቢዘጋ ምን ይሆናሉ ብዬ ማሰብ አልፈለግኩም፤ ግን አሰብኩት።

ነገሩን የባሰ ያደረገው በአካባቢያችን የሥር ትልን ዓይነት ለይቶ የሚናገር ከአንድ ሰው በቀር አለመኖሩ ነው። እሷም የትል ዳኛዋ፣ የገዛ ልጃቸው ናት።

የዳኛዋ ቢሮ ናሙና ያምጡ ብሎ ላከባቸው። ጋሽ ሳሙናም ከያንዳንዱ መደብ ያማረውን ችግኝ መርጠው ነቀሉ። በርሜሉን አጥበው አዲስ ውሃ ሞሉ። ሥሩን አንድ በአንድ በጣታቸው ፈተጉት፤ ሳሙናም ነክተውታል የሚል ሰው አለ፣ እኔ አላየሁም። ከዚያ ነጭ ነጠብጣብ ባለው ሰማያዊ ብጣሽ አስረው ላኩ። ያ ብጣሽ ከባለቤቴ ቀሚስ የተረፈ ነው።

በማግስቱ ዳኛዋ ከሥራ ስትመለስ ወደ ቤቷ አልገባችም፤ በቀጥታ ወደ አባቷ ግቢ ሄደች። ከሱቄ በር ላይ ሆኜ አየኋትና እኔም የረሳሁት ዕቃ ያለ ይመስል ተከተልኳት።

«አባዬ፣ ሥሩን ለምን አጠብከው?»

«ታዲያ ከነጭቃው ቢሮሽ ልላከው? ሰው ምን ይልሻል?»

«እኔ የምፈልገው እኮ ጭቃውን ነው።»

ጋሽ ሳሙና ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የገዛ እጃቸውን አዩ። ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ገና ሥር ያልገባው ትል በአፈሩ ውስጥ ነው የሚዋኘው። እንቁላሉም ከሥሩ ላይ እንደ ሙጫ ተለጥፎ ነው የሚገኘው። ያን ሁሉ አጥቦ ማምጣት ምስክሮቹን ከፍርድ ቤት በር ላይ እንደመመለስ ነው። ቀጥሎ የተናገረችው ግን ከዚህ የባሰ ነበር።

«ደግሞ ከረጢቱን ስከፍት በጨርቁ አወቅኩት። የማን እንደሆነ ያወቅኩትን ናሙና አላይም። ዘግቼ ለአለቃዬ መለስኩላት።»

ይህን ስትል ጨርቁን ያሰርኩት እኔ ይመስል ዞራ አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም በአዲስ ተጀመረ። የቢሮው ሾፌር ከያንዳንዱ መደብና ከማህበሩ ማሳ ሥርና አፈር ቆፍሮ ወሰደ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ከረጢት ውስጥ ገባ። ከላዩ ቁጥር ብቻ ተጻፈበት፤ ቁጥሩ የማን መሆኑን የምታውቀው አለቃዋ ናት። ዳኛዋ ያየችውን ሁሉ ፎቶ እያነሳች በሌላ ከተማ ላለ ባለሙያ እንድትልክም ታዘዘች። ትእዛዙን የጠየቀችው ራሷ እንደሆነች የሰማሁት ቆይቼ ነው። አባትየው ግን ይህን ሁሉ ሲሰሙ ልጄ አላመነችኝም ብለው ሆዳቸው ሻከረ። እሁድ እሁድ አብረው መብላታቸው ቀረ። ሰላምታቸው ሳይቀር የመንገድ ሰላምታ ሆነ።

ሰፈራችን ደግሞ ወሬ ሳይሰማ መዋል አይችልም። ዳኛዋ ስትወጣም ስትገባም ፊቷን የማያነብ አልነበረም። ፈገግ ካለች ጋሽ ሳሙና ተርፈዋል፣ ካኮረፈች አልቆላቸዋል። ባለቤቴማ ከዳኛዋ ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ሳይቀር ምልክት ትፈልግ ነበር። እኔ በአጥሩ ላይ አንገቴን ብቅ አድርጌ ስለ አየሩ ጠየቅኳት፣ ስለ ውሃው ጠየቅኳት፣ ስለ ሁሉ ነገር ጠየቅኳት። መልሷ ትህትና የተሞላበት ነው፤ ውስጡ ግን ምንም የለም።

ዕድሌ የተከፈተው በመስኮት በኩል ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ማይክሮስኮፑ ላይ እየወደቀ አስቸግሯት ኖሮ፣ ጥቁር ወፍራም መጋረጃ ትሰፋልኛለህ ወይ ብላ አለቃዋ ሰው ላከችብኝ። ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ሄድኩ። ባዶ እጄን አልሄድኩም። ለሐር ብቻ የማወጣት አንዲት ቀጭን መርፌ አለችኝ፤ ያቺን በወረቀት ጠቅልዬ ለዳኛዋ በስጦታ ያዝኩላት። መርፌዋን ስሰጣት ልቧ ይከፈታል፣ ልቧ ሲከፈት አፏም ይከፈታል የሚል ስሌት ነበረኝ።

ቢሮዋ አንድ ረጅም ክፍል ነው። የእርጥብ አፈር ሽታ አለው። በበሩ በኩል ሰፊ የመታጠቢያ ገንዳ፣ ከሱ በላይ እየረቀቁ የሚሄዱ ወንፊቶች ተደርድረዋል፤ የመጨረሻው ቀዳዳው ስለማይታይ ጨርቅ መስሎኝ ደበስኩት። ጠረጴዛው ላይ ውሃ የያዙ ሳህኖች አሉ። በየሳህኑ ወንፊት፣ በወንፊቱ ላይ ሶፍት፣ በሶፍቱ ላይ አፈር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ ትሉ አፈሩን ትቶ በሶፍቱ ሾልኮ ወደ ውሃው እንዲወርድ ነው አለችኝ። ታዲያ ማንም ሳይጎትተው በራሱ እግር ይመጣላ አልኳት። እግር እንደሌለው በትህትና አስታወሰችኝ።

መስኮቱን ለካሁ። ከዚያ ስጦታዬን አወጣሁ። አመሰገነችኝና መርፌዋን መስታወቱ ሥር አድርጋ እንዳይ ጋበዘችኝ። ዓይኔን ስደቅን ያየሁትን ለማመን ቸገረኝ። ያቺ ለሐር የማወጣት መርፌ በደነዘዘ መጥረቢያ የተጠረበ ግንድ ሆናለች። ጫፏ ሸካራ፣ ጎኗ የተቧጨረ።

«ለሐር የሚያስቀምጧት ይቺ ናት፣ ጋሼ?»

ቤት ስገባ ሐሩን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ አልኳት። ሳቀችና የራሷን መሣሪያ አሳየችኝ፤ በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ በሙጫ የተለጠፈ አንድ ፀጉር። የገዛ ሽፋሽፍቷ ነው። ትሉን ከውሃ ውስጥ ሳይጎዳ የሚያነሳው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም አለችኝ። እንዲህ ከቀጠልሽ ዓይንሽ ራቁቱን ሊቀር ነው ብላት፣ ሥራው ነው አለችኝ።

ቀጥላ ትሉን ራሱን አሳየችኝ። ለማስተማሪያ የተቀመጠ ነው እንጂ የጉዳዩ ትል አይደለም። መጀመሪያ አንድ ክር ወድቆ የቀረ መሰለኝ፤ ክሩ ግን ተንቀሳቀሰ። ሰውነቱ እንደ መስታወት ወለል ብሎ ይታያል፤ የሆዱ ዕቃ ሳይቀር ይቆጠራል። ጭንቅላቱ ላይ ስትደርስ ቀስ ብላ አጎላችልኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መርፌ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መርፌ አየሁ የምለው ግን ያኔ ብቻ ሆነ። በአፉ ውስጥ የተሳለ፣ ቀጥ ያለ፣ መሐሉ ክፍት የሆነ መርፌ አለ። ከታቹ ጡንቻው የሚይዝበት ትንንሽ እንቡጥ የመሰለ ነገር አለው። ወደ ፊት ይወረውረዋል፣ ይመልሰዋል። የሥሩን ግድግዳ በዚያ ይበሳና ይመጠዋል።

ከአጠገቡ ደግሞ መርፌ የሌለው ሌላ ትል ነበር። እሱ በአፈር ውስጥ ተሐዋስያን እየለቀመ የሚያድር፣ ሥር ነክቶ የማያውቅ ጨዋ ነው አለችኝ። ያላወቀ ሰው ሳህን ውስጥ የተንቀሳቀሰውን ሁሉ ቆጥሮ አፈሩን ይኮንናል። እሷ ግን አስቀድማ የምታየው አፉን ነው። መርፌ ያለውን ለይታ ደግሞ የመርፌውን ርዝመት፣ የእንቡጡን ቅርጽ፣ የጅራቱን አጨራረስ ታያለች። በሞቀ ውሃ ሲሞት የሚተኛበት አኳኋን እንኳ ይለያያል፤ አንዱ እንደ ዱላ ቀጥ ይላል፣ አንዱ እንደ ቀለበት ይጠቀለላል። ይህን ሁሉ የምትነግረኝ ስለ ሩቅ ዘመዶቿ እንደምታወራ ነው። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ምን ጠባይ እንዳለው፣ ማን ከማን ጋር ቶሎ እንደሚሳሳት።

የቲማቲሙን ሥር የሚያሳብጠው ዓይነት ሴቷ ግን ክር አትመስልም። ሥር ውስጥ ትገባና አንድ ቦታ ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ አትነሳም። እየበላች ታብጣለች፣ አንገቷ ብቻ ቀጭን ሆኖ ሌላው ሰውነቷ ነጭ ዶቃ ይሆናል፤ ሥሩም በዙሪያዋ ያብጥና ቤት ይሆንላታል። ለሳምንት ብላ መጥታ የከረመች የባለቤቴ አክስት ትዝ አለችኝ። ይህን ግን ቤት ስገባ አልተነፈስኩም።

ዳኛዋ ከአንድ አሮጌ ሥር ላይ እባጩን ሰንጥቃ ዶቃዋን አወጣች። በስለታም ምላጭ ከኋላዋ ትንሽ ቆዳ ቆረጠች። በሽፋሽፍቷ ውስጡን ጠራረገችው፣ ዳር ዳሩን ከረከመችው፣ ከዚያ በግሊሰሪን ጠብታ ላይ በመስታወት መሐል አስተኛችው። ከአሸዋ ቅንጣት የሚያንስ ቁራጭ ነው። ስትቆርጥ ትንፋሿን ያዘች፤ እኔም አብሬ ያዝኩ። የቁልፍ ቀዳዳ ለመስፋት መነጽር አጥልቄ፣ ሬዲዮ አስጠፍቼ፣ ቤተሰቡን ዝም የማሰኝ ሰው ያን እጅ ሳይ አፌን ይዤ ቀረሁ። አንዲት ጣቷ አልተንቀጠቀጠችም።

መስታወቱ ውስጥ ስመለከት ጥልፍ አየሁ። መስመር በመስመር ላይ፣ እንደ አውራ ጣት አሻራ የሚዞር። የአንዷ ጥልፍ ከላይ ከፍ ብሎ ማዕዘን አውጥቷል፤ መስመሩም ይወዛወዛል። ቀጥላ ያሳየችኝ የሌላ ዓይነት ዶቃ ጥልፍ ደግሞ ዝቅ ያለ፣ ክብ፣ መስመሩ ለስላሳ ነው፤ በጅራቷ በኩል በመርፌ ጫፍ የተነካካ የመሰለ ነጠብጣብ አለው። የመጀመሪያዋ ትከሻው የተሞላ ኮት፣ ሁለተኛዋ የሕፃን መሐረብ አልኳት። ጥቂት አሰበችና ከመጽሐፉ የኔ ይሻላል አለችኝ። እስካሁን ለሰው ሁሉ የምነግረው ይህንን ነው።

ልቤ አብጦ፣ ፈትኚኝ አልኳት። አንዱን ኮት አልኩ፣ ልክ ነው። ቀጣዩን መሐረብ አልኩ፣ ልክ ነው። ሌላ አመጣችልኝ፤ ዓይኔን ሳላሽ መሐረብ አልኩ። አይደለም አለችኝ፤ ትከሻው የወደቀ ኮት ነው። በየሰው ትከሻ ልክ የምሰፋ ሰው እንዴት ይህን ረሳሁ! ለካ ከአንድ እናት የወጡትም አንዱ ሽቅብ አንዱ ቁልቁል ይሆናሉ።

«ለዚህ ነው በአንድ የማልፈርደው» አለችኝ መስታወቱን እየጠረገች። «ጥርጣሬዬ እስኪወጣልኝ እቆርጣለሁ። ደግሞ ጥልፉን ብቻ አላምንም፤ የልጆቹን ጅራት፣ የወንዱን ጭንቅላት አያለሁ። ሁሉም አንድ ነገር ሲናገሩ ያን ጊዜ እጽፋለሁ።»

አሁን ነው ሰዓቱ ብዬ፣ የአባትሽስ ትል ኮት ነው መሐረብ ስል ጠየቅኳት።

«የአባቴ የሚባል ትል እዚህ የለም» አለች። «ቁጥር ነው ያለው።»

ሜትሬን ጠቅልዬ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። ከነዚያ ቁጥሮች አንዱ አባቷ እንደሆኑ ታውቃለች። እያንዳንዷን ቁራጭ ስታነሳ ይቺ ትሆን እያለች ነው። እጇ ግን አይንቀጠቀጥም።

ውጤቱ የተነገረው በጋሽ ሳሙና ግቢ ነው። ሊቀመንበሩ ከሁለት አባላት ጋር መጣ። አለቃዋ የቁጥሮቹን ባለቤት ጠዋት ለዳኛዋ ገልጣላት ኖሮ አብረው መጡ፤ የሌላ ከተማው ባለሙያም ፎቶዎቹን አይቶ ተስማምቷል። ጎረቤት ሁሉ ምክንያት ፈጥሮ ተገኝቷል። እኔ ጆንያ ይዣለሁ። ጋሽ ሳሙና የበዓል ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ የታጠበ አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

ዳኛዋ ስትናገር አላስረዘመችም። የማሳው ትል ጥልፉ ከፍ ብሎ ማዕዘን ያለው ነው፤ ኮቱ። ከዚህ ግቢ በተወሰደው በየትኛውም ናሙና ያ ዓይነት አልተገኘም። ስለዚህ የማሳው ትል ከዚህ አልሄደም፤ ከሌላ ነው የመጣው።

ግቢው ተነፈሰ። ሊቀመንበሩ ወደ ጋሽ ሳሙና ሄዶ በሁለት እጁ ጨበጣቸውና ይቅርታ ጠየቃቸው። ባለቤቴ ዕንባዋን በመዳፏ ጠረገች። እኔም ጆንያዬን ማራገፍ ጀምሬ ነበር።

«አልጨረስኩም» አለች ዳኛዋ።

የተጠየቀችው እኮ አንድ ነው አይደለም የሚለውን ብቻ ነው። መልሳለች፤ ሰዎቹም ሊሄዱ ነው። ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም። እሷ ግን በበርሜሉ አጠገብ ወዳለችው መደብ አመለከተች። እዚያ ሌላ የሥር ትል አለ፤ ዝቅ ያለ ክብ ጥልፍ፣ ነጠብጣብ ያለው። ከታመሙት አበቦች ከአንዱ ጋር የመጣ ይሆናል፤ የእጣቢው ውሃም ደጋግሞ እዚያው አድርሶታል። በሌሎቹ መደቦች ፈልጋ ፈልጋ አላገኘችውም። በርሜሉ አንድ ሆኖ ሳለ ወደ እነሱ አለመዛመቱ ግን ዕድል ነው፤ በዕድል ደግሞ ማንም ሁለተኛ አይተማመንም። መደቧ መዘጋት አለባት።

ሆስፒታሏ። ጋሽ ሳሙናና ሟች ባለቤታቸው በእጃቸው የቆፈሯት።

«ይህን በሰው ፊት ማለት ነበረብሽ?» አሉ አባቷ፣ ድምፃቸው በቅጡ ሳይሰማ።

«ያየሁትን ነው የምናገረው፣ አባዬ። ደስ የሚለውን አውርቼ ሌላውን ባስቀር፣ የመጀመሪያውንም ማንም አያምነኝም።»

ሊቀመንበሩ ሌሎቹ መደቦች ንጹሕ መሆናቸውን እንደገና ጠይቆ አረጋገጠ፤ ያቺ መደብ ከተዘጋች ማህበሩ ከዚሁ ግቢ መግዛቱን ይቀጥላል ብሎ ሄደ። ጋሽ ሳሙና ግን ይህን የሰሙ አይመስለኝም። አካፋቸውን ሰቀሉ፣ ቤታቸው ገቡ፣ በሩን ዘጉ። ዳኛዋ ጥቂት ቆማ በሩን አየችና ከአለቃዋ ጋር ወጣች። ያን ቀን በአጥር ላይ ምንም አልጠየቅኳትም።

መጋረጃው ያለቀ ዕለት ጋሽ ሳሙና ሱቄ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ስለ ቃሪያ አወሩ፣ ስለ ዝናብ አወሩ። ከዚያ ዓይናቸውን ከስፌት መኪናዬ ሳይነቅሉ፣ ያ በአፉ መርፌ አለው ያልከው እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። በእጄ እያሳየሁ ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ልብስ ሰፊ ስለሆንክ ሁሉም ነገር መርፌ ይመስልሃል አሉኝ። እንግዲያው መጋረጃውን የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል፣ ከባድ ነው አልኳቸው። መጋረጃው ከባድ አልነበረም፤ ሁለታችንም እናውቃለን።

ቢሮው በር ላይ ጫማቸውን በደንብ አራገፉ። ልጃቸው ስታያቸው ከወንበሯ ተነሳች፤ መልሳ ተቀመጠች። እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ በምስማሩ ተጠመድኩ። ጆሮዬ ግን እዚያው ነው።

ከሆስፒታሏ የወጣውን ትል በሽፋሽፍቷ አንስታ ጠብታ ውስጥ አኖረችላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ። ቆዩ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በጣም ቆዩ። ምስማሩ አልቆብኝ እንኳ አልወረድኩም።

«ይህን ያህል ንጹሕ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

ልጃቸው አልገባትም።

«እንደ ጠራ ውሃ እኮ ነው። አንድ ጉድፍ የለበትም።» ቀና ብለው አዩአት። «እኔ ቆሻሻ መስሎኝ ነበር። ቆሻሻ ነው ያልሽኝ መስሎኝ።»

«ቆሻሻ ነው ያለህ ማን ነው፣ አባዬ?»

ጋሽ ሳሙና እንደገና ጎንበስ ብለው መርፌውን አሳዪኝ አሏት። አጎላችላቸው። ከዚያ ጥልፉን አሳየቻቸው፤ የማሳውንና የሳቸውን ጎን ለጎን። አንዱን ከሌላው በምን እንደምትለይ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው፤ ሌላ አምጪ አሉ፤ አመጣች። እኔ የተሳሳትኩባትን ያቺን ትከሻዋ የወደቀ ኮት ሳይቀር አቀረበችላቸው። ጋሽ ሳሙና ዓይናቸውን ደቅነው ቆዩና፣ ይህንስ በአንድ አልናገርም፣ ሌላ ጨምሪልኝ አሉ። ዳኛዋ ወደኔ ቀና ብላ አየች። ዓይኗ ውስጥ ያለውን ከመሰላል ላይ ሆኜም አየሁት።

ሆስፒታሏን አባትና ልጅ አብረው ዘጓት። የታመሙት አበቦች ተነቅለው ተቃጠሉ፣ አፈሩ ተገለባበጠ፣ ውሃ ጠጣ፣ ፀሐይ ቀቅሎት ትሉን እንዲጨርስ ከላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ተዘረጋበት። ላስቲኩን ጋሽ ሳሙና ከመዘርጋታቸው በፊት አጥበውታል። አፈር ላይ ሊተኛ ነው እኮ ብላቸው፣ ታዲያ ፀሐዩ በምን በኩል ይግባ አሉኝ። በርሜሉ አሁን ለታመመ ተክል አይነካም። ችግኝም ከነአፈሩ ይሸጣሉ፤ ለያንዳንዱ ገዢ ግን ጭቃው ለጤናው ነው እያሉ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ብጣሽ ቀርቶ አፈሩ የሚጠቀለልበት ሰፋ ያለ ጨርቅ ስለሚፈልጉ የኔም ሥራ ጨምሯል።

በቅርቡ ደግሞ የመጋረጃው ጠርዝ ተተርትሮ ልጠግን ቢሮዋ ሄጄ ነበር። ዳኛዋ እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ ትል ታነሳለች። የያዘችው እንጨት ጫፍ ላይ ያለው ፀጉር ነጭ ነው። ይህስ የማን ነው ብዬ ጠየቅኳት።

የአባቷ ሽፋሽፍት ነው። ራሳቸው ነቅለው፣ በሞቀ ውሃ አጥበው፣ በወረቀት ጠቅልለው አመጡላት። የሳቸው ከሷ ይልቅ ጠንከር ይላል ብለዋታል።

«እውነታቸውን ነው?» አልኳት።

«እውነቱን ነው» አለች፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል፣ በነጩ ፀጉር ጫፍ አንዱን ትል ቀስ አድርጋ እያነሳች።